የመድኃኒት ተሸካሚ ቅንጣት ልባስና ዋጭ ሕዋሳት

በደም ሥር የተሰጠ መድኃኒት ተሸካሚ ቅንጣት ዕጣ የሚወሰነው በውስጡ በያዘው ነገር ብቻ ሳይሆን ላዩን በለበሰውም ጭምር ነው። ይህ እውቀት እንዴት እንደ ተገኘ መከታተል ለሙያ ባልደረቦቻችን ይጠቅማል፤ ነገሩ በመተማና በሑመራ ቆላ የሚታከመውን ሕመምተኛ ሳይቀር ይነካልና። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከመድኃኒት ሳይሆን ከእሾህ ነው። ኢሊያ ሜችኒኮፍ በ1882 በመሲና ከተማ የጽጌረዳ እሾህ በባሕር ኮከብ እጭ ላይ ሰክቶ ቢያድር፣ በማግስቱ ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን ከበውት አገኘ። ባዕድን ነገር ውጠው የሚያጠፉ ሕዋሳት መኖራቸውን በማስረዳቱም በ1908 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። በ1903 ደግሞ አልምሮት ራይትና ስቲዋርት ዳግላስ፣ ዋጭ ሕዋሳት ባክቴሪያን በሚገባ የሚውጡት በደም ውኃ ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች ከተለጠፉበት በኋላ መሆኑን አሳዩ። እነዚህንም «ኦፕሶኒን» አሏቸው። ቃሉ ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን ምግብን ማሰናዳት ማለት ነው፤ እንጀራው በወጥ እንደሚጣፍጥ ያለ ነገር ነው።

በ1960ዎቹ አሌክ ባንግሃም ሊፖዞም የተባሉትን ጥቃቅን የስብ ከረጢቶች ካስተዋወቀ በኋላ፣ በ1970ዎቹ እነግሪጎሪያዲስ መድኃኒት ሊያጓጉዙባቸው ሞከሩ። ይሁን እንጂ ከረጢቶቹ ወደ ደም እንደ ገቡ ኦፕሶኒን ይለጠፍባቸውና የጉበትና የጣፊያ ዋጭ ሕዋሳት ጠራርገው ይወስዷቸው ነበር።

መፍትሔው ልባስ ሆነ። በ1977 እነፍራንክ ዴቪስ ፖሊኢትሊን ግላይኮልን ከፕሮቲን ጋር በማያያዝ ፕሮቲኑ በደም ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲቆይ አደረጉ። በ1984 ሊዝቤት ኢሉምና ስታንሊ ዴቪስ የፖሊስታይሪን ቅንጣቶችን ፖሎክሳመር አልብሰው ለጥንቸሎች ሲሰጡ፣ ጉበት የሚወስደው መጠን እጅግ ቀነሰ። ምስጢሩ ግልጽ ነው፤ የልባሱ ረጃጅም ሰንሰለቶች ውኃ ይዘው ስለሚቆሙ ኦፕሶኒን የሚለጠፍበት ቦታ ያጣል። በ1995 በአሜሪካ የተፈቀደው ባለልባስ የዶክሶሩቢሲን ሊፖዞም የዚሁ ጥበብ ፍሬ ነው።

ነገር ግን ልባሱ ፍጹም ጋሻ አልሆነም። በ2000 እንደ ተዘገበው፣ መጀመሪያ በተሰጠው መጠን ሰበብ ሰውነት በልባሱ ላይ ፀረ አካል ሊያበጅ ስለሚችል፣ ሁለተኛው መጠን ፈጥኖ ከደም የሚወገድበት ጊዜ አለ።

ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ግን ከካላ አዛር የተገኘው ነው። የሌይሽማኒያ ተሕዋስ የሚኖረው በዋጭ ሕዋሱ በራሱ ውስጥ ሲሆን፣ መሸሸጊያዎቹም ጣፊያ፣ ጉበትና የአጥንት መቅኔ ናቸው። ስለዚህ በ1977 እና በ1978 ተመራማሪዎች የአንቲሞኒ መድኃኒትን በሊፖዞም አድርገው ለታመሙ እንስሳት ሲሰጡ፣ ቀድሞ እንቅፋት የነበረው መዋጥ አሁን የመድኃኒቱ መንገድ ሆነ። ዛሬም በአገራችን በጽኑ ለታመሙና ኤች አይ ቪ ለተደረበባቸው የካላ አዛር ሕሙማን የሚሰጠው የአምፎቴሪሲን ቢ ሊፖዞም ፖሊኢትሊን ግላይኮል የለበሰ አይደለም።

እንግዲህ ልባስ በራሱ መልካም ወይም መጥፎ ተብሎ አይፈረድበትም። አስቀድሞ የሚጠየቀው ሕመሙ የተቀመጠው የት ነው የሚለው ነው። ዕጢን ለማከም ከዋጩ ሕዋስ መሰወር ሲያስፈልግ፣ ካላ አዛርን ለማከም ግን በዋጩ መዋጥ ይጠቅማል። መድኃኒት የሚቀምም ሁሉ ይህን ልዩነት ሊዘነጋ አይገባውም።