አዲስ ከተማ መግባት፦ ከጎንደር እስከ ሐዴራ



በዚህ ዓመት በመካከላችን ደጋግሞ የተነሣ ጥያቄ ቢኖር ይህ ነው፦ ከሐዴራ እንውጣ ወይስ እንቆይ? ከውትድርና የተመለስን፣ ትምህርት ወይም ሥራ የጀመርን ወጣቶች፣ ገሚሶቻችን ወደ ቴል አቪቭና ወደ ቤር ሼቫ፣ ገሚሶቻችንም ወደ ውጭ አገር እያየን ነው። ወላጆች ደግሞ «ዘመድ ጥላችሁ ማን ጋ ልትሆኑ ነው?» ይሉናል። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ክርክሩን ከመቀጠላችን በፊት ግን መለስ ብለን ታሪክን ብንጠይቅ ይሻላል ብለን ይህን ጽፈናል። ምክንያቱም አዲስ ከተማ ገብቶ መስፈር ለቤተ እስራኤል በሐዴራ አልተጀመረም። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጎንደር፦ በእጅ ሙያ የተገባባት ከተማ

መጀመሪያ ከጎንደር በፊት የነበረውን ባጭሩ እንበል። በዐፄ ይስሐቅ ዘመን፣ ማለትም በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ፣ ወገኖቻችን በጦርነት ከተሸነፉ በኋላ ክርስትና ያልተነሣ ሰው የአባቱን ርስት እንዳይወርስ ተደረገ ይባላል። «ፈላሻ» የሚለው የማንወደው ስምም ከዚሁ ጋር ይያያዛል፤ ርስት የሌለው፣ ከቦታ ቦታ የሚፈልስ ማለት ነው። ርስት የሌለው ገበሬ ደግሞ የሰው መሬት እያረሰ ከምርቱ ለባለ መሬቱ ያካፍላል። ስለዚህ አባቶቻችን ከእርሻው ጎን ቀጥቃጭነትን፣ ሽመናን፣ ግንበኝነትንና አናጢነትን ያዙ፤ እናቶቻችን ሸክላ ሠሩ። መሬት ቢነጠቅም ሙያን ከእጅ ላይ የሚነጥቅ የለም።

ዐፄ ፋሲል በ1630ዎቹ ጎንደርን መናገሻ ሲያደርጉ ይህ ሙያ ተፈላጊ ሆነ። ዛሬ ቱሪስት የሚጎበኛቸው ግንቦች ሲሠሩ ከቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች ተካፍለዋል፤ በወታደርነት ያገለገሉም ነበሩ። ከከተማዋ አጠገብ የራሳቸው ሰፈር ነበራቸው። ከመካከላቸው ለሥራቸው ማዕረግና መሬት ያገኙ ነበሩ። ርስት ለተነጠቀ ሕዝብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከተማዋ በገጠር ያጡትን በከፊል መለሰችላቸው ማለት ይቻላል።

ጉዳቱ የመጣው በኋላ ነው። ከ1769 ጀምሮ ዘመነ መሳፍንት ሲገባ ንጉሡ ስሙ ብቻ ቀረ፤ ግንብ የሚያሠራ ጠፋ። ሥራው ከቤተ መንግሥቱ ጋር ታስሮ ስለነበር ቤተ መንግሥቱ ሲደክም ባለሙያውም አብሮ ወደቀ። ትናንት የተከበረበት ሙያ መናቂያ ሆነ። ብረት የሚቀጠቅጠው ሰው «ቡዳ ነው» ተባለ፤ ሸክላዋን የሚገዛት ሰው ቤቱ አያስገባትም። ይህን ታሪክ ከአያቶቻችን አፍ የሰማን ብዙ ነን።

ሐዴራ፦ ረግረግ ላይ የተሠራች ከተማ

አሁን ወደምንኖርባት ከተማ እንምጣ። ሐዴራ የተቆረቆረችው በ1891 ነው። መሬቱን የገዛው ይሆሹዓ ሐንኪን ሲሆን፣ ጊቭዓት ኦልጋ የሚለውን የሰፈር ስም ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ኦልጋ የሐንኪን ባለቤት ናት። መጥተው የሰፈሩት ከሩሲያ ግዛት፣ ከሊትዌኒያና ከላትቪያ አካባቢ የተነሡ አይሁዶች ነበሩ። መጀመሪያ የተጠለሉት ዛሬ ሙዚየም በሆነው በኻን ሕንፃ ውስጥ ነው። የከተማዋ ስም የመጣው «አረንጓዴ» ከሚል የዐረብኛ ቃል ነው። አረንጓዴ ያደረጋት ግን ረግረጉ ነበር፤ ረግረጉ ውስጥ ደግሞ የወባ ትንኝ ነበረች። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ መሆኗ የታወቀው በ1897 ስለሆነ፣ የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ምን እየገደላቸው እንደሆነ እንኳ አያውቁም ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሃያ ዓመታት ከ500 ከሚበልጡ ሰዎች ከ200 በላይ ሞቱ።

ረግረጉን ለማድረቅ ገንዘቡን የሰጡት ባሮን ሮትሺልድ ናቸው፤ ቦይ የቆፈሩት ደግሞ ከግብፅ የመጡ ሠራተኞች ነበሩ። ውሃውን እንዲመጥም ባሕር ዛፍ ተተከለ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በዚያው በ1890ዎቹ ዐፄ ምኒልክ በአዲስ አበባ ባሕር ዛፍ ያስተክሉ ነበር። እዚያ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ስላለቀ፣ እዚህ መሬቱ ስለረጠበ። ወላጆቻችን ሐዴራ ሲገቡ ከሚያውቁት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ዛፍ ነው፤ እሱም ቢሆን በሁለቱም አገር እንግዳ ነው፣ የመጣው ከአውስትራሊያ ነው።

ጎረቤታችን ጋን ሽሙኤልም የተጀመረው በዚያን ጊዜ ነው። በ1895 የኤትሮግ አትክልት ተተከለበት፤ ኤትሮግ ማለት የኛው ትርንጎ ነው። ስሙም ለረቢ ሽሙኤል ሞሂሌቨር መታሰቢያ የተሰጠ ነው። ዛሬ በመንገዱ ስናልፍ የምናየው ኪቡጽ፣ ፋብሪካውና የገበያ ማዕከሉ ከዚያ ትርንጎ ተነሥተው እዚህ ደረሱ። የተሳካ ቦታ ሲታይ ከመጀመሪያው የተሳካ ይመስላል። ግን እኮ ለዚህ መሬት መጀመሪያ የከፈሉት ሰዎች ፍሬውን ሳያዩ የሞቱ ናቸው።

ወላጆቻችን፦ ከሱዳን እስከ ማሽካንታ

በ1973 ረቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ መሆናቸውን አረጋገጡ፤ በ1975 መንግሥትም በመመለስ ሕግ መሠረት የመምጣት መብታቸውን ተቀበለ። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ በየቤታችን የምናውቀው ነው። ከጎንደርና ከትግራይ መንደሮች ሌሊት ሌሊት እየተጓዙ፣ ቀን እየተደበቁ ሱዳን የገቡት ወገኖች በኡም ራኩባና በገዳሪፍ ዙሪያ መጠለያዎች ወራት፣ አንዳንዶቹም ዓመታት ቆዩ። በመንገድና በመጠለያው ወደ 4,000 የሚጠጉ እንደሞቱ ይነገራል፤ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ የምናስባቸው እነሱን ነው። ደጋ ለኖረ ሰው ትልቁ ገዳይ አንዱ ወባ ነበር። የሐዴራን መሥራቾች የጨረሰው በሽታ የእኛንም አያቶች ገድሏል። አንድ ከተማ ላይ የተገናኘነው ሁለቱ ወገኖች ይህን ብናውቅ እርስ በርስ የምናወራው ሳይጨምር አይቀርም።

በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በሙሴ ዘመቻ ከ6,000 በላይ ሰው፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው መጣ። ከሰሎሞን ዘመቻ በኋላ ብዙ ቤተሰብ በሆቴል፣ ቀጥሎም ካራቫን ውስጥ ተቀመጠ። ካራቫኑ ከከተማ የራቀ፣ ሥራና ትምህርት ቤት የማይቀርበው ነበር። ከ1993 ጀምሮ መንግሥት ለኢትዮጵያ ዖሊሞች ልዩ ማሽካንታ አወጣ፤ አብዛኛው ገንዘብ የማይመለስ እርዳታ ስለሆነ፣ የገንዘብ ማጠራቀሚያ ያልነበረው ቤተሰብ ሁሉ ቤት መግዛት ቻለ።

እዚህ ላይ ነው የከተማ ምርጫ የመጣው። መንግሥት የፈለገው ሕዝቡ በአገሪቱ መካከል ባሉ ብዙ ከተሞች እንዲበተን ነበር። ወላጆቻችን የፈለጉት ግን ዘመድ ያለበትን ነው። «ለምን ሐዴራን መረጣችሁ?» ብለን ስንጠይቅ ባሕሩን ወይም ባቡሩን የሚጠቅስ አላገኘንም። መልሱ «አጎትህ ቀድሞ ገብቶ ነበር»፣ «የእናትሽ እህት እዚህ ነበረች» ነው። ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ ይባል የለ!

ያገኘነውና የከፈልነው

ያገኘነውን አስቀድመን እንቁጠር። አንደኛ፣ የራስ ቤት። በ1975 በኢትዮጵያ የወጣው የመሬት አዋጅ ለአራሹ የማረስ መብት ሰጠ እንጂ መሬቱ የመንግሥት ነበር። ስለዚህ ከይስሐቅ ዘመን ጀምረን ብንቆጥር፣ ብዙ ቤተሰብ በስሙ የተጻፈ ንብረት በእጁ የያዘው አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችው የሐዴራ ቤት ስትገዛ ነው። ያቺን ቤት «ትንሽ ናት፣ አሮጌ ናት» ስንል ይህን ብናስታውስ መልካም ነው።

ሁለተኛ፣ ሰው። ለቅሶ ሲሆን ሰው እስከ ደረጃው ድረስ ይሞላል፤ ልቅሶ ደራሹ ከቂርያት ማላኺም ከነታንያም በአውቶቡስ ይመጣል። እናቶች እቁብ ይጥላሉ፤ የማንኛውም ባንክ ሠራተኛ «አይቻልም» ያለው የልጅ ባር ሚጽቫ በእቁብ ተደግሷል። ቄሶቻችን ቅርብ ናቸው። ሁላችን አማርኛን ያወቅነው ጎረቤት በር ሳያንኳኳ ስለሚገባና የሚናገረው በአማርኛ ስለሆነ ነው። ይህን መጽሔት በፊደላችን ማውጣት የቻልነውም በዚያ ነው።

የከፈልነውም ከዚሁ የመጣ ነው። ማሽካንታው ልክ ስለነበረው የሚገዛው አሮጌ ሕንፃ ላይ ያለ ርካሽ ቤት ነበር፤ ሁሉም ዘመዱን ሲከተል አንድ ሽኹና ሞላ። ከዚያ ልጆች የሚማሩበት ክፍል በሙሉ የአዲስ መጤ ልጆች ሆነ። ቤት ውስጥ የሒሳብ የቤት ሥራ የሚያግዝ የለም፤ ጎረቤቱም ያው ነው። ሥራም በዘመድ ይገኝ ስለነበር፣ አንዱ ጽዳት ወይም ጥበቃ ከገባ ሌላውን ወደዚያው ይስበዋል። ልክ እንደ ጎንደር፣ የአንድ ሰፈር ሰው በአንድ ዓይነት ሥራ ላይ ተንጠለጠለ።

ከዚህ ሌላ የአባቶች ክብር ጉዳይ አለ። በመንደር ሽማግሌ ሆኖ ሰው የሚያስታርቅ አባት እዚህ ለደብዳቤው የአሥር ዓመት ልጁን «አንብብልኝ» ማለት ግድ ሆነበት። በሰማንያዎቹና በዘጠናዎቹ ብዙ ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ሲገቡ፣ ቅዳሜ ቤት የሚመጣው ልጅ ዕብራይስጥ፣ እናቱ አማርኛ ወይም ትግርኛ ብቻ ሆነው ተያዩ። እኛ በሁለት ቋንቋ ያደግነው ያንን ክፍተት አይተው የታገሉ ታላላቆቻችን ስላሉ ነው።

ስለዚህ ጥቅሙን ከጉዳቱ ለይተን «ይሄኛውን ብቻ እንውሰድ» ማለት አልቻልንም። ለቅሶ ቤታችንን የሚሞላው ሰው፣ ክፍሉን አንድ ዓይነት ያደረገውም ሰው ነው። ዘመድ መከተል ስህተት ነበር አንልም። ቋንቋ ለማያውቅ፣ ካራቫን ለሰለቸው ሰው ከዚያ የተሻለ ምርጫ አልነበረም። ጥያቄው ያ ምርጫ ለእኛም ይሠራል ወይ ነው።

እንግዲህ እኛስ?

«አገርህ የት ነው?» ቢሉት «ገና ሚስት አላገባሁም» አለ ይባላል። በኢትዮጵያዊ ዘር ያለን እስራኤላውያን ዛሬ ከ160,000 በላይ ነን፤ ስንጋባም ስንማርም ከአንድ ከተማ በላይ ነን። መውጣት አይቀርም። ሐዴራ ራሷ ከቴል አቪቭም ከሃይፋም በባቡር ሩቅ ስላልሆነች፣ አዳር ሳይሆን ደርሶ መልስ የሚበቃቸው ብዙ ሥራዎች አሉ፤ ይህንም ሳንሞክር የቴል አቪቭ ኪራይ ውስጥ መግባት ጥሩ አይመስለንም።

ለሚወጡት ታሪኩ ሦስት ጥያቄ ትቶልናል። ከጎንደር፦ የምንሄደው ለአንድ ቀጣሪ ወይም ለአንድ ሥራ ብቻ ነው ወይ? እሱ ቢቋረጥ በእጃችን ምን ይቀራል? ከሐዴራ መሥራቾች፦ ርካሹ ቦታ ለምን ረከሰ? እዚያ የሚኖረውን ሰው ሳንጠይቅ ውል መፈረም ረግረጉን በክረምት ሳያዩ መግዛት ነው። ከወላጆቻችን ደግሞ፦ ስንታመም በራችንን የሚያንኳኳው ማን ነው? ስም መጥራት ካልቻልን ገና አልተዘጋጀንም።

ወላጆቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። እናንተ ሱዳን ስትሄዱ አያቶቻችን «ማን ጋ ልትሆኑ ነው?» ብለው ሳይጠይቁ አልቀሩም። እናንተ ግን ሄዳችሁ፤ ብቻችሁን ግን አልሄዳችሁም፣ መንደር ለመንደር ተጠራርታችሁ ነው። እኛም እንደዚያ እንሂድ። ማኅበራችን በየከተማው የሚማሩትንና የሚሠሩትን የሐዴራ ልጆች ስምና ስልክ በአንድ ዝርዝር ይያዝ፤ አዲስ የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚደውለው እዚያ ይሁን። በስግድ ቀን ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄደው የሐዴራ አውቶቡስም ሌላ ከተማ ለገቡት ልጆች ቦታ ይያዝላቸው። ከየት መጡ ሳይባል፣ ከእናቶቻቸው ጎን ይቀመጡ።