የሸቤ ዝናብ ኬንያ ሲደርስ

ወዳጆቼ፣ ሸቤ ቡና ላይ የዘነበው ዝናብ ወደ ጎጀብ ይወርዳል፤ ጎጀብ ኦሞ ይገባል፤ ኦሞ ደግሞ ግቤ 3 ላይ ተርባይን ያዞራል።

ጅማ አጠገብ ያለው ግልገል ግቤ 1 (184 ሜጋ ዋት) በዓለም ባንክ ብድር ጭምር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ ጀመረ። ግቤ 2 (420) ያንኑ ውሃ በ26 ኪሎ ሜትር ዋሻ ተቀብሎ ዳግም ያሠራዋል፤ በ2010 የተመረቀው በጣሊያን ብድር ነው። በ2016 ለተመረቀው ግቤ 3 (1870) የቻይና ባንክ አበደረ። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ከወላይታ ሶዶ የተነሳው መስመር ኃይላችንን ኬንያ ያደርሳል።

ጭስ የሌለው ኃይል ድንበር ተሻገረ፤ እሰየው! ግን እናቶቻችን ቡና የሚቆሉት ዛሬም በከሰልና በእንጨት ነው። ለግድብም ለመስመርም አበዳሪ ተገኘ፤ ማድ ቤቱን ማን ያስበው?

መሐንዲስ የሆናችሁ ተማሪዎቼ፣ የቀረችው መስመር አጭር ናት፤ ከምሰሶው እስከ ምድጃው።