መቋሚያ፣ ጨለማው ዋሻና የምናብ መነጽር፦ የሰውነት ሚዛን ታሪክ ከላስታ ሲታይ

አዘጋጆቹ ከሙያህና ከአገርህ ታሪክ የሚነካካ ነገር ጻፍ ሲሉኝ ብዙ አላመነታሁም። ሙያዬ ፊዚዮቴራፒ ነው፤ አገሬ ላስታ። ሁለቱን የሚያገናኛቸው አንድ ጥያቄ አለ፦ ሰው ሳይወድቅ የሚቆመው በምንድን ነው?

ይህ ጥያቄ በእኛ አገር የቅንጦት አይደለም። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ከጀርባዋ ያለው አቡነ ዮሴፍ ደግሞ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። አብያተ ክርስቲያናቱ ወደ ታች የተፈለፈሉ ናቸው። የቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያ ከምድሩ እኩል ነው፤ ቅጥሩ ግን 12 ሜትር ያህል ወርዶ ነው የሚገኘው። ደረጃውን የስንት ዘመን ባዶ እግር አልሶታል። ለወጣት ጨዋታ ነው፤ ለአንዲት አሮጊት እናት ግን ፈተና ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በዓመት 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ አደጋ ይሞታሉ፤ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑትም በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ወድቆ የተረፈው ነው። አንዴ የወደቀ ይፈራል፤ የፈራ ቤት ይውላል፤ ቤት የዋለ እግሩ ይደክማል፤ እግሩ የደከመ መልሶ ይወድቃል። በእኛ ዘንድ ቤት መዋል ማለት ከቅዳሴ፣ ከማኅበር፣ ከለቅሶም መቅረት ነው። ወደ እኔ የሚመጡ አረጋውያን ስለ አጥንታቸው ብዙም አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት ደግመው ቤተ ማርያም መውረድ ይችሉ እንደሆነ ነው።

አባቶቻችን ለዚህ ነገር መላ ነበራቸው። መቋሚያን እንውሰድ። ማኅሌት ሌሊቱን ሙሉ በቁም ነው፤ ካህኑ ብብቱን ደገፍ አድርጎ ያርፍበታል፣ በአቋቋም ጊዜ ደግሞ ከዜማው ጋር ያወዛውዘዋል። በገና ማለዳ በቤተ ማርያም ቤዛ ኩሉ ሲዘመር ካህናቱ ግማሾቹ ከታች፣ ግማሾቹ ከላይ በአለቱ ጠርዝ ቆመው ጎንበስ ቀና ይላሉ። እንግዳ ሰው ይሰጋል፤ እነሱ ግን እግራቸውም ዜማቸውም አንድ ነው።

ሳይንሱ እዚህ የደረሰው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ ብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ ጄካና ላክነር የሚባሉ ተመራማሪዎች አንድ ቀላል ነገር አሳዩ፦ ሰው የማይነቃነቅ ነገርን በጣቱ ጫፍ ብቻ ሲነካ፣ ያውም ከ100 ግራም ክብደት ባነሰ ግፊት፣ የሰውነቱ መወዛወዝ ይቀንሳል። በኋላ በምርኩዝም ተሞክሮ ይኸው ታየ። እንግዲህ ምርኩዝ ክብደት መሸከሚያ ብቻ አይደለም፤ መሬቱ የት እንዳለ ለአንጎል የሚነግር መልእክተኛም ነው።

ከቤተ ገብርኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚወስደውን ጨለማ ዋሻም የሄደበት ያውቀዋል። የሲኦል ምሳሌ ነው ይባላል። መብራት ሳይዙ፣ እጅን ከግድግዳው ሳያነሱ ነው የሚታለፈው። ዓይን ሲጠፋ እግርና እጅ ሥራውን ይረከባሉ ማለት ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጀርመናዊው ሐኪም ሞሪትዝ ሮምበርግ በሽተኞቹን እግራቸውን ገጥመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው እንዲቆሙ በማድረግ ያየው ይህንኑ ነው፤ ከእግር የሚመጣው ስሜት የተጎዳበት ሰው ዓይኑን እንደጨፈነ ይንገዳገዳል። የውስጠኛውን ጆሮ ድርሻ ያጠናው ሮበርት ባራኒ ደግሞ የ1914ቱን የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ በሩሲያ የጦር ምርኮኛ ነበር። ሚዛን በሦስት ጉልቻ የሚቆም ነው፦ ዓይን፣ የውስጥ ጆሮ፣ የእግርና የመገጣጠሚያ ስሜት።

አንደኛውን ጉልቻ ለብቻው እንዴት እንፈትን? እ.ኤ.አ. በ1974 ዴቪድ ሊና አሮንሰን ወለሉ ሳይነቃነቅ ግድግዳው ብቻ የሚንቀሳቀስ ክፍል ሠርተው፣ መቆም የጀመሩ ሕፃናትን አቆሙበት። ግድግዳው ሲንቀሳቀስ ሕፃናቱ ተንገዳገዱ፣ ወደቁም። ዓይን ሲታለል እግር ይከተላል። ከዚያ ቀደም በ1968 አይቫን ሰዘርላንድ በሃርቫርድ ከጣሪያ የተንጠለጠለ የራስ ላይ ማያ ሠርቶ፣ በኮምፒውተር የተሣሉ መስመሮችን ከእውነተኛው ክፍል ጋር ደርቦ አሳይቶ ነበር። ሁለቱ ሐሳቦች ኋላ ተገናኙ። ዛሬ ቨርቹዋል ሪያሊቲ የሚባለው መነጽር ያንን ተንቀሳቃሽ ክፍል በቀላሉ ይፈጥረዋል፤ ኦግመንትድ ሪያሊቲ ደግሞ በእውነተኛው ወለል ላይ የእርምጃ ምልክት ወይም መሰናክል ይደርባል። በሽተኛው በመታጠቂያ ተይዞ፣ ባለሙያ አጠገቡ ቆሞ፣ ሳይጎዳ ገደል አፍ ላይ መቆምን ይለማመዳል።

ተአምር ነው ግን አልልም። መነጽሩ አንዳንዱን ያጥወለውለዋል፤ ዓይን ሄድኩ ሲል ጆሮ ቆሜያለሁ ይላልና። የሻከረውን ድንጋይም ለእግር አያቀምስም። ጥናቶቹም በአንድ ቃል አይናገሩም፤ ከተለመደው ልምምድ ጋር ሲጨመር ይረዳል የሚሉ አሉ፣ ብልጫው ትንሽ ነው የሚሉም አሉ። ስለዚህ ተጨማሪ ነው እንጂ ምትክ አይደለም።

ታዲያ ለምን ለእናንተ እጽፋለሁ? ግማሹ ሥራ ስላለቀ ነው። የደቡብ አፍሪካው የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ዛማኒ ፕሮጀክት የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ለክቶ ባለ ሦስት አውታር ምስላቸውን ሠርቷል። ሥራው ለቅርስ ጥበቃ የታሰበ ነው። ግን ያው ልኬት የቤተ ማርያምን መውረጃ ደረጃ በደረጃ ይዟል ማለት እኮ ነው። አንዲት እናት በሕክምና ክፍል ውስጥ፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ የሚያውቁትን መንገድ ቢለማመዱት ከባዕድ አገር ጫካ ምስል ይልቅ ልባቸው አይገባም ትላላችሁ?

ከመካከላችን የኮምፒውተር ሰው አለ፣ ሐኪም አለ፣ የቅርስ ባለሙያ አለ፤ ውጭ አገር በዚሁ መስክ የተሰማራም አይጠፋም። በዚህ በዓል ቡና ላይ ስንቀመጥ አንድ ጠረጴዛ ለዚህ ጉዳይ እንያዝ። ፈቃዱን ከባለመብቶቹና ከካህናቱ እንጠይቅ፤ በአንድ መነጽርና በጥቂት ፈቃደኞች እንጀምር። መጀመሪያ የምንለካውም አንድ ነገር ይሁን፦ ቤት ውለው የነበሩ ስንቶቹ ደጅ ወጡ?