የመርከብ ባለቤትነትና የአዲስ አበባ መዝገብ

ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረችው አዲስ አበባ ባሕርም ወደብም የላትም። ነገር ግን የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ በሚያውለበልቡት የንግድ መርከቦች የኋላ አካል ላይ፥ ከመርከቡ ስም በታች የሚነበበው የመዝገብ ወደብ «አዲስ አበባ» የሚል ነው። የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ መመርመር ነው። መልሱ ባጭሩ ሲነገር፥ የመርከብ ባለቤትነት የሚታወቀው በውሃ ላይ ሳይሆን በመዝገብ ላይ ስለ ሆነ ነው።

ነገሩ ግልጽ ይሆን ዘንድ አስቀድመን የጣናን ታንኳ እንመልከት። ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ዕድሜው አጭር ነው፤ ገዢው ዋጋውን ከፍሎ ይረከባል፥ የማን እንደ ሆነም ጎረቤት ያውቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 1186 ተራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ገዢው በእጁ ባደረገው ጊዜ ባለቤትነቱ ይተላለፍለታል ይላል። መርከብ ግን የሚንቀሳቀስ ንብረት ቢሆንም በዚህ ደንብ ብቻ ሊተዳደር አይችልም። ዋጋው እጅግ ከፍ ያለ ነው፤ ከባለቤቱ ርቆ በባዕድ ወደብ ይውላል፥ ያድራል፤ ባንክም በእርሱ መያዣነት ገንዘብ ያበድራል። ስለዚህ መርከቡን በእጁ የያዘው ሁሉ ባለቤት ነው ተብሎ ሊገመት አይቻልም።

ኢትዮጵያ ይህን ጉዳይ በሕግ ያደራጀችው ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ከተዋሐደች በኋላ ነው። በ1946 ዓ.ም. የባሕር ጉዳይ አዋጅ ወጣ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ደግሞ የባሕር ሕግ በአዋጅ ቁጥር 164 ታወጀ። በ1956 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ማኅበር ተቋቋመና በ1958 ዓ.ም. በ3 መርከቦች ሥራውን ጀመረ።

በመርከብ ሽያጭ ዓለም የሚከተለው ሥርዓት ይህ ነው። ገዢው አስቀድሞ የመዝገቡን ግልባጭ ይጠይቃል፤ ይኸውም ሻጩ በእርግጥ ባለቤት መሆኑንና መርከቡ በመያዣ አለመያዙን ለማወቅ ነው። ሻጩ የሽያጩን ሰነድ ፈርሞ ይሰጣል። አንድ መርከብ በሁለት አገር ሰንደቅ ዓላማ ሥር ሊጓዝ አይፈቀድለትምና፥ አገር የሚለውጥ ከሆነ ከቀድሞው መዝገብ ለመሰረዙ ማስረጃ ይቀርባል። ከዚህ በኋላ አዲሱ መዝገብ የባለቤቱን ስም ጽፎ የዜግነት የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። በመዝገብ ያልተጻፈ ነገርም አለ፤ ያልተከፈለ የመርከበኞች ደመወዝን የመሰለ ዕዳ መርከቡን ተከትሎ ወደ አዲሱ ባለቤት ስለሚሄድ፥ ብልህ ገዢ ስለዚህ ዋስትና ሳይቀበል አይፈርምም።

ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት ስትሆን ኢትዮጵያ ምጽዋንና አሰብን አጣች። መርከቦቹ ግን ኢትዮጵያዊነታቸውን አላጡም። ምክንያቱም በ1913 ዓ.ም. በባርሴሎና የወጣው ዓለም አቀፍ መግለጫ፥ የባሕር ጠረፍ የሌለው መንግሥት በግዛቱ ውስጥ አንድ የታወቀ ስፍራ ወስኖ መርከቦቹን ቢመዘግብ፥ ያ ስፍራ እንደ መዝገብ ወደብ እንዲቈጠር ፈቅዶ ነበር። ስለዚህ ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ በቻይና ተሠርተው የመጡት 9 መርከቦች የአገራችንን ከተሞች ስም ይዘው ሲጓዙ፥ ከመካከላቸውም «መቀሌ»፥ «ጋምቤላ»ና «ጅግጅጋ» ሲገኙ፥ መነሻቸው በወረቀት አዲስ አበባ ሆነች። በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 549 የባሕር ጉዳይ ባለሥልጣን ተቋቋመ። የመርከብ ድርጅቱም ዋና መሥሪያ ቤት በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፥ የጅቡቲው ምድር ባቡር ይቆምበት በነበረው በለገሐር ነው።

በዚያው ክፍለ ከተማ ካዛንቺስ ይገኛል። ስሙ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት፥ ማለት «ካዜ ኢንቺስ» ከሚለው የመጣ ነው። ቤት የማይንቀሳቀስ ንብረት ይባላል። ሆኖም በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገ ጊዜ፥ ቤቱ በስፍራው እንደ ቆመ የብዙ ሰው የባለቤትነት ወረቀት ኃይሉን አጣ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ የሰፈሩ ብዙ ቤቶች ለመልሶ ማልማት ፈረሱ፤ ነዋሪውም የሚሰጠው ምትክ በእጁ ባለው ወረቀት፥ ይኸውም ባለይዞታ ወይም የቀበሌ ቤት ተከራይ በመሆኑ ተለየ።

እንግዲህ የሚንቀሳቀሰው መርከብ ባሕሩ ከራቀ በኋላ በመዝገቡ ጸንቶ ሲኖር፥ የማይንቀሳቀሰው ቤት ከነሰፈሩ ሊጠፋ ችሏል ማለት ነው። ከዚህ የምንረዳው ወረቀት በራሱ ኃይል እንደሌለው ነው፤ ኃይሉ መዝገቡን በሚጠብቀውና በሚያከብረው መንግሥት ላይ የተመሠረተ ነው። ስለ ሆነም የመርከብም ሆነ የቤት አሮጌ መዝገቦች ሳይበላሹ ሳይጣሉ እንዲጠበቁና ለተመራማሪ እንዲከፈቱ ያስፈልጋል። ካዛንቺስን ሊያጠና ለሚነሣ ተማሪ ግንቡ አይጠብቀውም፤ የሚቀርለት መዝገቡ ነው።