ስደተኛ አባቶች ለልጆቻቸው ያወረሱት አገር

በዚህ እትም ከሌላ አገር መጥተው እዚህ ልጅ ስላሳደጉ አባቶች ልንጽፍ ወደናል። ምክንያታችን ቅርብ ነው። በክፍለ ከተማችን፣ በጎፋ መብራት ኃይልም ሆነ በጀሞ፣ ከኤርትራ ተሰደው የመጡ ቤተሰቦች ጎረቤቶቻችን ናቸው። ከእኛም መካከል የውጭ ዜጋ አግብተው የወለዱ እህቶች አሉ። «ልጄ የየት አገር ሰው ትባላለች?» የሚለው ጥያቄ በቁጠባ ስብሰባችን ላይ ደጋግሞ ይነሣል።

ጥያቄው ለአዲስ አበባ አዲስ አይደለም። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከሩሲያ ከመጡት መኮንኖች አንዱ ኢቫን ባቢቼፍ ይባሉ ነበር። ብዙዎቹ ጓደኞቻቸው ወደ አገራቸው ሲመለሱ እሳቸው ግን እዚሁ ቀሩ፤ ኢትዮጵያዊትም አገቡ። በ1901 ዓ.ም. ልጃቸው ሚሽካ አዲስ አበባ ውስጥ ተወለዱ። ሚሽካ ባቢቼፍ ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አውሮፕላን አብራሪዎች አንዱ ሆኑ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲወርረን ጥቂት አውሮፕላን የነበረውን አየር ኃይላችንን የመሩት እሳቸው ናቸው። ከድል በኋላ ደግሞ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ወደ ሞስኮ ተላኩ። አባት ትተውት የወጡትን አገር ልጅ የኢትዮጵያን ስም ይዘው ገቡበት።

ሁለተኛው ታሪክ የናልባንዲያን ቤተሰብ ነው። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በአርመን ገዳም የሚያድጉ፣ ከቱርክ እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ ሙዚቃ ሲጫወቱ ሰሙ። ከፓትርያርኩ ጋር ተነጋግረው አርባዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። የሙዚቃ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓሉ ላይ ለተሰማው ብሔራዊ መዝሙር ዜማውን የደረሱት እሳቸው ሲሆኑ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው።

ኬቮርክ እዚህ ሲደላደሉ ዘመዶቻቸውን አልረሱም። የወንድማቸውን ልጅ ነርሲስን ወደ አዲስ አበባ ጠሩ። ነርሲስ የተወለዱት በ1907 ዓ.ም. ዓይንታብ በምትባል የቱርክ ከተማ ነው፤ በዚያው ዓመት እልቂቱ ጀመረ፤ ቤተሰቡም ወደ ሶርያዋ ሃለብ ሸሸ። ሕፃን ሆነው አገር ያጡት እኚህ ሰው እዚህ ትዳር መሥርተው ልጆች አሳደጉ። የማዘጋጃ ቤቱን ባንድ መሩ፣ በየትምህርት ቤቱ አስተማሩ፣ በኋላም ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሠሩ። ትዝታንና ባቲን ለትልቅ ባንድ እንዲስማሙ አድርገው አቀናበሩ። በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚሁ ከተማችን ሲመሠረትም መዝሙር ደረሱ። የኢትዮጵያ ዜግነት ጠይቀው አገኙ፤ በአብዮቱ ዘመንም አረፉ።

እንዲህ ያለ አባት ዜግነት ለምን እንደሚያስፈልገው ሕጉን ስናይ ይገባናል። የ1922ቱ የዜግነት ሕግ ዜግነት የሚጠይቅ የውጭ ሰው አምስት ዓመት እዚህ የኖረ፣ ራሱን የሚችል፣ አማርኛም የሚናገርና የሚጽፍ እንዲሆን ይጠይቅ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በቁጥር 390 የውጭ አገር ሰው ያለ ልዩ ፈቃድ በኢትዮጵያ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ከልክሏል። እኛ በሒሳብ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ውርስ ሲባል መጀመሪያ የምንጠይቀው ስለ ቤትና ስለ ይዞታ ነው። ለስደተኛ አባት ግን ከቤቱ የሚቀድም ውርስ ነበር፤ እሱም ልጆቹ «አገሬ» ብለው የሚጠሩት አገር ነው።

በዚያ ሕግ ውስጥ የእናት ድርሻ አነስተኛ ነበር። በሕጋዊ ጋብቻ የተወለደ ልጅ ዜግነቱ የአባቱ ነበር። እናቱ ኢትዮጵያዊት ብትሆንም፣ ልጁ ኢትዮጵያዊ ለመሆን እዚህ መኖሩንና የአባቱን ዜግነት መተዉን ማስረዳት ነበረበት። ዘጠኝ ወር አርግዛ፣ አጥብታ፣ በቋንቋዋ አፍ ያስፈታች እናት በወረቀት ላይ ልጇን አገር ልትሰጠው አልቻለችም። ስለዚህ የአባትየው መልካምነት ብዙ ነገር ይወስን ነበር። ትቶ ከሄደ ልጁ በሁለት አገር መካከል ይቀራል፤ ከቆየና ከተጋ ግን ልጁ ሰው ይሆናል። እነ ኢቫንንና ነርሲስን የምናስታውሳቸው ስለ ቆዩ ነው።

ዛሬ ሕጉ ተለውጧል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 6 ወላጆቹ ሁለቱም ወይም አንዳቸው ኢትዮጵያዊ የሆኑ ማንኛውም ሰው፣ ሴትም ሆነ ወንድ፣ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። አንቀጽ 33 ደግሞ ኢትዮጵያዊት ከውጭ ዜጋ ጋር በመጋባቷ ዜግነቷ እንደማይቀር ይደነግጋል። አዋጅ ቁጥር 378/1996ም ይህንኑ ያጸናል። እንግዲህ በስብሰባችን ለተነሣው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው፦ እናቷ ኢትዮጵያዊት ከሆነች ልጅቷ ኢትዮጵያዊት ናት። የአባቷ ስም ለጆሮ እንግዳ መሆኑ ይህን አይለውጠውም።

ሕግ ግን ማስረጃ ይፈልጋል። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ስለዚህ ከወለዳችሁ በኋላ ወደ ወረዳችሁ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ለመሄድ አትዘግዩ። የሁለቱም ወላጆች ስም በትክክል መጻፉን ሳታረጋግጡ አትመለሱ።

ሌላም ማስረጃ አለ፤ እሱን የሚሰጥ መሥሪያ ቤት የለም። አባት የት እንደ ተወለደ፣ ለምን አገሩን እንደ ለቀቀ፣ መጀመሪያ የየትኛው ቤት ሰው ተቀብሎ እንዳበላው፣ በምን ሥራ ልጆቹን እንዳሳደገ በሕይወት ሳለ ካልተጠየቀ አብሮት ይቀበራል። ስለዚህ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በአባልነት መዝገባችን፣ ከቁጠባ ሒሳቡ ቀጥሎ፣ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ገጽ የአባትና የእናት ታሪክ ይኑር። አባቱ ከአሥመራም ይምጣ ከወላይታ፣ ከጉራጌም ይምጣ ከባሕር ማዶ፣ ልጁ አድጎ ሲጠይቅ የምናነብለት ነገር ይኖረናል።