የሮቢቷ ጠጉር ነጋዴ ዜና መዋዕል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በራያ ቆላ በምትገኘው በሮቢት ከተማ፣ ጠጉር ሠርታና ዊግ ሸጣ ቤቷን ያቆመች የአንዲት ሴት ዜና ይህ ነው። ስሟ እንዲጻፍ አልፈቀደችምና «ነጋዴዋ» እንላታለን። የጻፍነውም ለእሷና ለሙያ እኅቶቿ ክብር ነው፤ ለሹማምንት ብራና ሲፋቅ የኖረባት አገር ሴት ልጅ በላቧ ያቆመችውን ቤት ሳትጽፍ ልትቀር አይገባም።

በቀድሞ ዘመን የራስ ጠጉር የማዕረግ ምልክት ነበረ። አፄ ቴዎድሮስ ሹሩባ ይሠሩ ነበር፤ አፄ ዮሐንስ 4ኛም እንዲሁ። በ1860 ዓ.ም. በዘመነ ወንጌላዊው ዮሐንስ፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ በዚህችው በወሎ ምድር በመቅደላ አምባ ላይ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው በራሳቸው እጅ ባለፉ ጊዜ፣ እንግሊዞች ከንጉሡ ራስ ላይ ጠጉር ቆርጠው ወሰዱ። ያም ጠጉር ለንደን በሚገኘው በብሔራዊው የጦር ሠራዊት ሙዚየም ተቀምጦ ኖሮ በ2011 ዓ.ም. በዘመነ ሉቃስ፣ በመጋቢት ወር፣ ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ለአንድ ቁራጭ ጠጉር አገር ከ150 ዓመት በላይ አዝኗል። ጠጉር ቀላል ነገር ነው የሚል ይህን ያስብ።

የራያም ጎበዝ ጎፈሬውን አበጥሮ፣ ቅቤ ቀብቶ፣ ሚዶውን ሰክቶ ገበያ ሲወርድ ከሩቅ ይታወቅ ነበር። የሴቶቹ ጌጥ ደግሞ ሹሩባ ነው፤ ልጃገረዲቱ በጋሜዋ፣ ያገባችው በሹሩባዋ ትለያለች። በየዓመቱ ነሐሴ 16 ቀን፣ የእመቤታችን ጾመ ፍልሰታ ሲፈታ፣ የራያ ቆቦ ልጃገረዶች ሶለል ብለው ይወጣሉ። ላስታ አሸንድዬ፣ ዋግ ሻደይ የሚለው በዓል በራያ ቆቦ ሶለል ነው። በዚያ ቀን ሳይሠሩ መውጣት ነውር ነውና የጠጉር ሠሪዋ ደጃፍ ከቀናት በፊት ይሞላል።

የነጋዴዋም ሥራ የተጀመረው በሶለል ነው። ገና ልጅ ሳለች የጎረቤት ልጆችን በበርጩማ አስቀምጣ፣ ራሳቸውን በጉልበቷ መካከል ይዛ፣ በወስፌ ጫፍ መስመሩን ትከፍል ነበር። ወስፌው ከግንባር ተነሥቶ እስከ ማጅራት ሳይዛባ ይወርዳል። ከዚያ ጣቶቿ ሦስቱን ፈርጅ እያነሡና እያስገቡ ይሮጣሉ፤ ሲያልቅ ለጋ ቅቤ በመዳፏ አሙቃ ታለብሰዋለች። የመጀመሪያ ደመወዟ ጥቂት ቁና ማሽላ ነበረ። እግዚአብሔር በጥቂቱ የታመነውን በብዙው ይሾመዋል።

በ1967 ዓ.ም. ዘውዱ ሲወርድ በየከተማው ያለው ተማሪ ጠጉሩን አሳድጎ አፍሮ ያደርግ ነበር፤ ራያ ግን ጎፈሬን ከማንም አልተማረም። በ1977 ዓ.ም. የሆነውን ረሃብ፣ ከቆቦ በላይ በኮረም የተሰበሰበውን ሕዝብ፣ ዓለም ሁሉ አይቶታል። በዚያ ዓመት በብዙ ቤት ጠጉር የተነካው ለሐዘን ተላጭቶ ነው። ነፍሳቸውን ይማር።

በ1983 ዓ.ም. በዘመነ ሉቃስ መንግሥት ተለወጠ፤ ንግድም ተፈታ። ነጋዴዋ በገበያው ዳር ጆንያ ዘርግታ ሚዶ፣ ክርና መስተዋት መሸጥ ጀመረች። ከመርካቶ የሚመጣ ጭነት በረከሰ ጊዜ ክሩ ቀርቶ አርቴፊሻል ጠጉር ተተካ፤ ቀጥሎም ዊግ መጣ። ይህ ጠጉር ከወዴት እንደመጣ እንጽፍ ዘንድ ይገባል። ካኔካ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በፈረንጆች 1957 ጠጉር የሚመስል ሰው ሠራሽ ክር ለገበያ አወጣ። ደቡብ ኮሪያም በፈረንጆች 1960ዎቹ ዊግ ሠርታ ለአሜሪካ እየሸጠች ብዙ ዶላር አገኘች። ዛሬ የዚህ ንግድ ዋና ከተማ በቻይና ሄናን ግዛት የምትገኘው ሹቻንግ ናት። የሰው ጠጉር የሚባለውም ብዙው ከሕንድ ነው፤ በቲሩማላ ቤተ መቅደስ ምእመናን ለስለታቸው ተላጭተው የሰጡት ጠጉር በጨረታ ይሸጣል። አንዲት ሴት ለአምላኳ የሰጠችው ጠጉር በሌላይቱ ራስ ላይ ለሠርግ ይውላል። ስለዚህ የምትገዛው በአክብሮት ትያዘው እንላለን።

አሁን የነጋዴዋን ትልቅ ድል እንጽፋለን። በዚያ ወራት ዕቃውን «ሂውማን ሄር» እያሉ ፕላስቲኩን በሰው ጠጉር ዋጋ የሚሸጡ በዙ። በአንድ የገበያ ቀን አንዲት ሙሽራ ከሚዜዎቿ ጋር መጥታ፣ ከሌላ ቦታ በብዙ ብር የገዛችውን ዊግ አወጣችና «እታለም፣ ይኸ የሰው ነው አይደል?» አለቻት። ነጋዴዋ መልስ አልሰጠችም። ከዊጉ አንዲት ዘለላ መዝዛ ክብሪት ጫረች። ዘለላው ቀለጠ፤ ጫፉ ጠጥሮ እንደ ጥቁር ዶቃ ሆነ፤ ሽታውም የፌስታል ነበረ። ከዚያ ከራሷ ዕቃ አንዲት ዘለላ መዝዛ ለኮሰች፤ ያችኛይቱ ቀንድ ቀንድ ሸተተች፤ በጣት ሲነኳትም አመድ ሆነች። «ልጄ፣ እሳት አይዋሽም» አለቻት። ሙሽራይቱ ስታለቅስ ነጋዴዋ የራሷን ዊግ አከራየቻት፤ ኪራዩንም ከሠርጉ በኋላ ተቀበለች። ከዚያን ቀን ወዲህ በሮቢት ጠጉር የሚገዛ ሁሉ ክብሪት ይዞ ይመጣል፤ ከእሷ ቤት የሚገዛ ግን ክብሪት አያስፈልገውም ይባላል።



የጊዜውም ፋሽን ተለዋወጠ። መጀመሪያ አጭርና ጥቅልል ዊግ ይፈለግ ነበር፤ ኋላ ረጅምና ቀጥ ያለው ነገሠ፤ ሴቱም ሁሉ በፒያስትራ የተተኮሰ ጠጉር ተመኘ። ቀጥሎ በሹሩባ ላይ የሚቀጠለው ባለቀለሙ መጣ፤ ቀይና ወርቃማም ታየ። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን በመለሰች ጊዜ ከወሎ የሄዱት እኅቶችም ተመለሱ፤ በሻንጣ ይዘው የገቡት ዊግም የገበያውን ዓይን ከፈተ። ከእነርሱም መካከል ባዶ እጃቸውን የገቡትን ነጋዴዋ ሙያ አስተማረቻቸው። ይህ ከሽያጯ ሁሉ ይበልጣል።

በ2013 ዓ.ም. በሐምሌ የሰሜኑ ጦርነት ወደ ቆቦ ገባ፤ በጳጉሜን የፈሰሰውን ደም እግዚአብሔር ይቍጠረው። በ2014 ዓ.ም. በነሐሴ፣ ሶለል ሲወጣበት በሚኖረው ወር፣ ተኩስ ዳግመኛ ተከፈተ። በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት 23 ቀን በፕሪቶሪያ የሰላም ውል ታሰረ። በዚያው ወራት መንግሥት 38 ዓይነት ዕቃዎችን የውጭ ምንዛሪ ከለከለ፤ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ 22 ቀን ደግሞ ክልከላውን አንሥቶ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀ። ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ዊግም አብሮ ተወደደ። ነጋዴዋ በዚህ ጊዜ ወደ ወስፌዋ ተመለሰች፤ ዊግ መግዛት ያልቻለችውን ልጅ በራሷ ጠጉር ሠርታ ሰደደቻት።

ካህናት ዊግን ሲገሥጹ ሰምተናል፤ ተግሣጻቸው ለነፍስ ነውና እንቀበላለን። ነገር ግን በሕመምና በመከራ ጠጉሯ የረገፈባት ሴት ራሷን ሸፍና ሰው ፊት የቆመችው በዚህ ንግድ መሆኑን ደግሞ እንመሰክራለን። የራያ ሹሩባም በዊግ አልጠፋም፤ ሁለቱም በአንዲት ሴት እጅ ኖረዋል። በነጋዴዋ ቤት የተማሩት ዛሬ በየከተማው ወንበር ዘርግተዋል፤ ለሶለልም ሠርተው የሚያወጡ እነርሱ ናቸው። እርሷም ከሁሉም ይልቅ የምትኮራው በእነዚህ ነው። እግዚአብሔር ዕድሜዋን ያርዝም፤ ለሮቢትም ሰላም ይስጥ። አሜን።