የተሽከርካሪ ቀለም ቅብ ክፍል ወደ አየር ለሚለቀው ብክለት የፈቃድ ማመልከቻ አዘገጃጀት (ለአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ አገልግሎት ፈላጊዎች)

በመርካቶ፣ በተለይም እንደ ሶማሌ ተራ ባሉ የመለዋወጫ ንግድና የተሽከርካሪ ጥገና በሚበዛባቸው ሥፍራዎች፣ የባትላሜራና የቀለም ሥራ የሚከናወነው ከሱቅና ከመኖሪያ ቤት ጋር ተጠጋግቶ ነው። ከአንድ ፎርኖ የሚወጣ የቀለም ብናኝና የቲነር ትነት ጎረቤት መስኮት ለመድረስ ብዙ አይፈጅበትም። በዚህ ምክንያት ማመልከቻው የሚመዘነው በማሽኑ አዲስነት ሳይሆን፣ አመልካቹ ምን ያህል እንደሚለቅ፣ በየት በኩል እንደሚለቅና ማንን እንደሚነካ በግልጽ ማሳየት በመቻሉ ነው።

የሕግ መሠረት

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አካባቢን መበከልን ይከለክላል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ ግምገማ የሚያስፈልገው ሥራ አስቀድሞ ፈቃድ ሳያገኝ እንዳይጀመር፣ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤቶችም ይህ መፈጸሙን ሳያረጋግጡ የኢንቨስትመንት ወይም የንግድ ፈቃድ እንዳይሰጡ ይደነግጋል። ባለጋራዦች በተለምዶ «የአየር ልቀት ፈቃድ» የሚሉት ጉዳይ የሚታየው በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ነው።

ግምገማ የሚያስፈልጋቸውና የማያስፈልጋቸው ሥራዎች የሚለዩት በመመሪያ ነው። አመልካቹ ለአማካሪ ከመክፈሉ በፊት፣ ቀለም ቤቱ በየትኛው ምድብ እንደሚወድቅ ከከተማው አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ ቢይዝ ይመከራል። ፎርኖውን ገዝቶና ተክሎ ከዚያ በኋላ ማመልከት ግን ለኪሳራ ያጋልጣል፤ ጭስ ማውጫው እንዲነሳ ወይም ቦታው እንዲቀየር ሊወሰን ይችላልና።

የልቀት ስሌት

በማመልከቻው ውስጥ ከሁሉም ይበልጥ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ይህ ክፍል ነው። ከቀለም ቤት ሁለት ዓይነት ብክለት ይወጣል፤ አንዱ የቀለም ብናኝ፣ ሌላው ከቲነርና ከቀለሙ የሚወጣ የተናኝ ኦርጋኒክ ውህዶች ትነት ነው። የፎርኖው የወረቀት ወይም የፋይበር ማጣሪያ የሚይዘው ብናኙን ብቻ ነው። ትነቱ በማጣሪያው ውስጥ ያልፋል፤ እርሱን ለመያዝ ገቢር ካርቦን ያለው ማጣሪያ ያስፈልጋል። «ማጣሪያ ስላለን ምንም አይወጣም» የሚል ማመልከቻ ይህን ልዩነት እንዳልተረዳ ያሳያል።

ስሌቱ የሚጀምረው ከግዢ ደረሰኝና ከቀለሙ የደኅንነት መረጃ ቅጽ ነው። ለምሳሌ አንድ ቀለም ቤት በወር 30 ሊትር ቀለም ይጠቀማል፣ የቀለሙም የተናኝ ውህድ መጠን በሊትር 450 ግራም ነው እንበል፤ ይህ 13.5 ኪሎ ግራም ይሆናል። ለመበጥበጫ 10 ሊትር ቲነር ከተጨመረ፣ አንድ ሊትር ቲነር ወደ 0.87 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን፣ ተጨማሪ 8.7 ኪሎ ግራም አለ። ሽጉጥ ለማጠብ ከወጣው 5 ሊትር ውስጥ 3 ሊትሩ በተከደነ ዕቃ ተመልሶ ከተሰበሰበ፣ የተነነው 2 ሊትር ወይም 1.74 ኪሎ ግራም ነው። ድምሩ በወር ወደ 24 ኪሎ ግራም፣ በዓመት ደግሞ ወደ 287 ኪሎ ግራም ይደርሳል። በቆርቆሮው ላይ የተጻፈው መጠን ቲነር ከመጨመሩ በፊት ያለውን የሚያሳይ ከሆነ፣ የመበጥበጫው ቲነር ለብቻው መደመር አለበት።

መጠኑን መቀነስ የባለቤቱንም ወጪ ይቀንሳል። ዝቅተኛ ግፊት ያለው የመርጫ ሽጉጥ ከተለመደው ሽጉጥ የበለጠ ቀለም በተሽከርካሪው አካል ላይ ያሳርፋል። ለማነጻጸር ያህል፣ በአሜሪካ በ2008 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው ደንብ ለተሽከርካሪ ቀለም ቤቶች ብናኙን 98 በመቶ የሚይዝ ማጣሪያ፣ እንዲህ ያለ ሽጉጥና የሠለጠነ ቀቢ እንዲኖር ያስገድዳል።

ከስሌቱ ጋር የሚቀርቡ

የቦታ ንድፉ የጭስ ማውጫውን ከፍታ፣ የጎረቤት ሕንጻዎችን ፎቅ፣ መስኮትና በረንዳ እንዲሁም በአቅራቢያ ያለ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ተቋም ማሳየት አለበት። ማውጫው ከጣሪያ በላይ ሆኖ አየሩን ወደ ላይ ይልቀቅ፤ በጎን ወደ መንገድ ወይም ወደ ግቢ የዞረ ማውጫ ሰው በሚተነፍስበት ከፍታ ላይ ይለቃል።

አዋጅ 299/1995 በጥናት ሰነዱ እንዲገለጹ ከሚጠይቃቸው መካከል የሥራው ዓይነትና ቴክኖሎጂ፣ የሚለቀው በካይ ይዘትና መጠን፣ የኃይል ምንጭ፣ ጉዳቱን የማስወገጃ ወይም የመቀነሻ እርምጃዎች፣ የድንገተኛ አደጋ ዕቅድና የውስጥ ክትትል ሥርዓት ይገኙበታል። ሰነዱ ለሕዝብ አስተያየት ክፍት ስለሚሆን፣ ጎረቤቶችን አስቀድሞ ማነጋገር ጊዜ ያተርፋል።

የድንገተኛ አደጋ ዕቅዱ ለይስሙላ አይጻፍ። የቲነር ትነት ተቀጣጣይ ነው፤ በጥቅምት 2017 በሸማ ተራ የደረሰው ቃጠሎ መንስኤው ምንም ይሁን ምን፣ እሳት በመርካቶ ከተነሳ ከሱቅ ወደ ሱቅ እንደሚዛመት አሳይቷል። ቀለምና ቲነር የሚቀመጥበት ቦታ ከብየዳ ሥራ መራቁ በንድፉ ላይ ይታይ።

ማጠንከሪያ ያላቸው ቀለሞች አይሶሲያኔት ስለሚይዙ ለቀቢው አስም ያስከትላሉ፤ አንዴ የታመመ ሠራተኛ ከዚያ በኋላ በጥቂት መጠንም ይነሳበታል። የአቧራ ጭምብል ትነቱን አይከላከልም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመከላከያ መሣሪያ የማቅረብ ግዴታ የአሠሪው ነው። ያገለገለ ቲነር፣ የቀለም ዝቃጭና የተሞላ ማጣሪያ ወደ ቱቦ ወይም ወደ ተራ ቆሻሻ አይጣሉም፤ የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ይመለከታቸዋል።

ውሳኔ፣ ቁጥጥርና ቅሬታ

የጥናት ሰነዱ ከተገመገመ በኋላ ውሳኔው በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ይሰጣል፤ ያለ ቅድመ ሁኔታ ሊፈቀድ፣ በቅድመ ሁኔታ ሊፈቀድ ወይም ሊከለከል ይችላል። የአካባቢ ተቆጣጣሪ ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወደ ሥራ ቦታው መግባት ስለሚችል፣ የቀለምና የቲነር መዝገብ እንዲሁም የማጣሪያ ቅያሪ ቀናት ሁልጊዜ በቦታው ይገኙ።

በውሳኔው ቅር የተሰኘ ሰው ቅሬታውን ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ያቀርባል፤ ምላሹም በ30 ቀናት ውስጥ ይሰጠዋል። ጎረቤትም ሆነ ሌላ ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ በአዋጅ 300/1995 መሠረት በብክለት ላይ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልረካ፣ በቀጣዮቹ 60 ቀናት ውስጥ ክስ ለመመሥረት መብት አለው።